ሳል የያዘውን ልጅ መቼ ነው ሐኪም ቤት መውሰድ ያለብኝ? (አዳማ)

የደምበላ እናት
ሐሙስ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ የሚመልስልኝ ባገኝ ብዬ ነው በዚህ ሰዓት የምጽፈው። አዳማ ነው የምኖረው፣ ደምበላ። ልጄ አንድ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ሰኞ ማታ ንፍጥ ጀመረው፣ ማክሰኞ ሳል ተጨመረበት፣ ትናንት ደግሞ ሰውነቱ እሳት ሆነ። ፓራሲታሞል ሽሮፕ ስሰጠው ትኩሳቱ በረድ ይልና ይጫወታል፣ ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላ ይመለስበታል። ጡት ይጠባል፤ ምግብ ግን እምቢ ብሏል። አጥሚት እንኳን ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ፊቱን ያዞራል።

ምክር አላጣሁም፣ እንዲያውም በዝቶብኛል። አማቴ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ፣ ነገ በጠዋት እንውሰደው ይላሉ። ጎረቤቴ ከልጇ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ አምጥታልኛለች። ፍሪጅ ውስጥ ነበር ብላለች። ጠርሙሱ ግማሽ ያህል አለው። አልሰጠሁትም ግን ልሰጠው ትንሽ ነው የቀረኝ። ባለቤቴ ለሥራ ድሬዳዋ ነው ያለው፣ በስልክ ጉንፋን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እያሳለ አይደል እንዴ፣ በሦስት ቀን ይለቀዋል ይለኛል። ሰፈሩ እያሳለ መሆኑ እውነት ነው። ህዳር ከገባ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ሌላ ነው፣ ቀን ላይ ደግሞ የከተማችንን ንፋስና አቧራ ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ላይ ትናንት ህዳር ሲታጠን ተብሎ በየበሩ ቆሻሻ ሲጨስ ነው የዋለው፣ መስኮት ዘግቼም ጭሱ መኝታ ቤት ድረስ ገብቷል።

ዝም ብዬ ያልሮጥኩት በምክንያት ነው። አምና ትልቋ ልጄ እንዲሁ ሳል ይዟት ሦስት ቦታ ወሰድኳት። አንዱ ጋ ራጅ፣ አንዱ ጋ መርፌ፣ አንዱ ጋ ሦስት ዓይነት ሽሮፕ። ከቤት ኪራይ ላይ ቀንሼ ነው የከፈልኩት፣ በመጨረሻ ሌላው ሐኪም ጉንፋን ብቻ ነበር አለኝ። አሁን ደግሞ ብር ስቆጥብ ልጄን እንዳልጎዳው እፈራለሁ። ስለዚህ "ሐኪም አማክሪ" ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ። ምን ሳይ ነው የምሄደው? ምን ሳይ ነው ቤት የምጠብቀው? እሱን ንገሩኝ።


የሕፃናት ክፍል ነርስ
ማታ 3፡05

እህቴ አይዞሽ፣ ጥያቄሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፣ በየቀኑ ሁለቱንም አያለሁ፣ በጉንፋን በሌሊት የሚሮጡትንም፣ ልጁ ደረቱ እየተሰረጎደ "ይሻለዋል ብለን ነው" ብለው አርፍደው የሚመጡትንም።

መጀመሪያ ሳሉን ለጊዜው እርሺው። ልጅ ሲያስል ሁላችንም ጆሯችን ሳሉ ላይ ነው፣ ማታ ማታ ሲያስል ደግሞ የእናት አንጀት አይችልም። ግን ጉንፋንን ከሳንባ ምች የሚለየው የሳሉ ድምፅ አይደለም፣ ትንፋሹ ነው። ትንፋሹን ደግሞ አንቺ ራስሽ ቤት ውስጥ መቁጠር ትችያለሽ። እኛም ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የምናደርገው እሱኑ ነው።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ተኝቶ ከሆነ አትቀስቅሺው፣ ጥሩ ነው። ካልተኛ ታቅፈሽ አረጋጊው። ልብሱን ከደረቱ እስከ እምብርቱ ግለጪው፣ መብራት አብሪ። ስልክሽ ላይ አንድ ደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት ክፈቺ። ከዚያ ሆዱን ብቻ እዪ። ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። እንደገና ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል ሁለት። ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ለሕፃን አይሆንም፣ ትንፋሻቸው አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ስለሚል ያሳስታል። እያለቀሰ ወይም እየጠባ ከቆጠርሽው ቁጥሩ የውሸት ይሆናል።

በልጅሽ ዕድሜ፣ ማለትም አንድ ዓመት ከሞላው እስከ አምስት ዓመቱ፣ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው እንላለን። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ለሆነ 50 ነው። ሁለት ወር ላልሞላው 60። (ለሌሎች አንባቢዎች ስል ነው፣ ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ከተኮሰ ወይም ጡት አልይዝ ካለ ቁጥር አያስፈልገውም፣ ያን ቀኑኑ ይታይ።)

እየቆጠርሽ ሳለ አንድ ነገር ጨምረሽ እዪልኝ። ከጎድን አጥንቱ በታች፣ ደረቱና ሆዱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ። ጤነኛ ልጅ አየር ሲያስገባ ደረቱም ሆዱም ወደ ውጭ ነው የሚነፋው። አየር ሲያስገባ ያ ቦታ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ ያውም በእያንዳንዱ ትንፋሽ፣ ሳንባው እየታገለ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ቁጥሩ 38 ቢሆንም 35 ቢሆንም ትሄጃለሽ።

ጭራሽ ቁጭ ብለሽ የማትቆጥሪባቸው ነገሮችም አሉ። ጡት መሳብ ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ፍዝዝ ብሎ ስትቀሰቅሺው በደንብ አልነቃ ካለ፣ ወይም ሳያለቅስ ተረጋግቶ እያለ አየር ባስገባ ቁጥር ጉሮሮው የሚጮህ ከሆነ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ነው። ከንፈሩን ብቻ አይተሽ አትርኪ፣ የአየር እጥረት የእኛ ልጆች ቆዳ ላይ በደንብ አይታይም፤ አፉን ከፍተሽ ምላሱንና ድዱን እዪ፣ ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ካደላ ደቂቃ አታባክኚ።

ትኩሳት ራሱ ትንፋሽ ያፈጥናል። አሁን እየተኮሰ ከሆነ ፓራሲታሞሉን ስጪው፣ በረድ ሲልለት ቁጠሪና እዚሁ ጻፊልኝ። ተረኛ ስለሆንኩ አልተኛም።


የድሮ ናዝሬት
ማታ 3፡20

ልጄ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እዚሁ ናዝሬት ተወልጄ አምስት ልጅ አሳድጌባታለሁ። አማትሽ የሚሉሽን እኔም በጊዜዬ ብያለሁ። የመጀመሪያ ልጄን በስድስት ወሩ እንጥሉን አስቆርጬዋለሁ። ሰውየው የሚቆርጥበትን ነገር በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ነው የገባበት፣ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ልጄ ሁለት ቀን ደም ሲተፋ፣ ጡት ልስጠው ስል ሲጮህ፣ ሐኪም ቤት አስተኝተው ነው ያተረፉልኝ። ሳሉ ደግሞ አልተወውም ነበር! እንጥል ሳል አያመጣም ብለው ነው ሐኪሞቹ የነገሩኝ። ሲያስል ጉሮሮው ስለሚቀላና እንጥሉ ስለሚያብጥ ነው የወረደ የሚመስለን። አማትሽን አትጣያቸው፣ ክፉ አስበው አይደለም፣ የሚያውቁት እሱን ስለሆነ ነው። ግን ልጁን አትስጪያቸው።

ዳማከሴና ጤና አዳም ለትልቅ ሰው ነው እኔ የማውቀው፣ ለሕፃን አፍና አፍንጫ አይጨመቅም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተው ልጅ በጋቢ ሸፍነው የሚያጥኑም አሉ፣ ሰፈራችን አንድ ልጅ ድስቱ ተገልብጦበት ጭኑ ተቃጥሏል። ዝንጅብልና ማር ግን ደግ ነው።


የሕፃናት ክፍል ነርስ
ማታ 3፡24

እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ሲናገሩት ነው የሚሰማው። እንጥል ያስቆረጡ ልጆች ደም ፈሷቸው፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ አልፎ አልፎም መንጋጋ ቆልፍ ይዟቸው ይመጣሉ። ማሩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፣ ሕፃን አንጀት ውስጥ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ለእሷ ልጅ፣ አንድ ዓመት ስላለፈው፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ሳሉን ያለዝብለታል። አፍንጫው ከተዘጋ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታ በየአፍንጫው ሁለት ሁለት ጠብታ፣ ከመጥባቱ በፊት። አፍንጫው የተዘጋ ልጅ ጡት እምቢ ያለ ይመስላል፣ መተንፈስ ስላቃተው ብቻ ነው።


መድኃኒት ቤት
ማታ 3፡31

ስለዚያ ጠርሙስ ነው የምጽፈው። እባክሽን አትስጪው። የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ እንደ ዓይነቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን። መቼ እንደተበጠበጠ ጎረቤትሽም አታስታውስ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የተረፈው ልጇ ሳይጨርሰው ስለቀረ ነው። ሦስተኛ፣ ልጅሽ የያዘው ተራ ጉንፋን ከሆነ በቫይረስ የሚመጣ ነው፣ አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይነካም። የሳንባ ምች ከሆነ ደግሞ በግማሽ ጠርሙስ አይድንም፣ በኪሎው ተሰልቶ ሙሉውን መውሰድ አለበት። በሁለቱም መንገድ አይጠቅምሽም።

ሰው መስኮቴ ጋ ቆሞ "ንፍጡ ቢጫ ሆኗል፣ አንቲባዮቲክ ስጠኝ" ይለኛል። ጉንፋን ሲሰነብት ንፍጥ ቢጫም አረንጓዴም ይሆናል፣ ቀለሙ ብቻውን ምንም አይነግርህም። እምቢ ስል ይናደዳሉ፣ ወደሚቀጥለው መድኃኒት ቤት ይሄዳሉ። እኔን የሚያሳስበኝ በኋላ የእውነት ሲያስፈልጋቸው መድኃኒቱ አልሠራ እንዳይላቸው ነው።

ፓራሲታሞሉን እንዴት ነው የምትሰጪው? በወጥ ማንኪያ ከሆነ ተይ። ከጠርሙሱ ጋር የመጣውን መስፈሪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሚ። ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለው አንብቢ፣ 120 የሚልም 250 የሚልም አለ፣ ሳታነቢ ያንኑ መጠን ብትሰፍሪ በስህተት እጥፍ ልትሰጪው ትችያለሽ። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 10 ኪሎ የሚሆን ልጅ ከባለ 120ው አንድ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ አይበልጥም። የጉንፋን ሽሮፕ ብለው የሚሸጡትን ቅይጥ አትጨምሪበት፣ ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ፣ ሳታውቂው ይደራረባል። ለዚህ ዕድሜ የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ጭራሽ አይመከርም። አስፕሪንም ለልጅ አይሆንም።


የደምበላ እናት
ማታ 4፡10

በጣም ነው የማመሰግነው ሁላችሁንም። እማማ፣ የጻፉትን ለአማቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ "የሰውየውም ስም ይቅር" አሉኝ።

ቆጥሬዋለሁ። መጀመሪያ ነቅቶ እየተነጫነጨ 55 መጣ፣ ደነገጥኩ። ፓራሲታሞል ከሰጠሁት አርባ ደቂቃ ሆኖት ነበር፣ አሁን ተኝቷል፣ ግንባሩም ቀዝቅዟል። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ 46 እና 47። ደረቱ ሲሰረጎድ አላየሁም፣ አማቴም በባትሪ አብርተው አዩት፣ የለም። ምላሱ ቀይ ነው። ከመተኛቱ በፊት ጡት ጠብቷል።

47 ብዙ ነው አይደል?


የሕፃናት ክፍል ነርስ
ማታ 4፡13

አዎ፣ ለዕድሜው ፈጣን ነው። ትኩሳቱ ወርዶ፣ ተኝቶ፣ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ከ40 በላይ ከሆነ አልወደውም። ጥሩ የሆነው ከባድ የሚባሉት ምልክቶች የሉትም። ግን እስከ ነገ አትጠብቂ፣ ዛሬ ማታ ይታይ። ጤና ጣቢያዎች ማታም ተረኛ አላቸው፣ በአቅራቢያሽ ያለው ጋ ሂጂ። የክትባት ካርዱን ያዢ። የትኩሳቱን ቀናት፣ የሰጠሽውን መድኃኒትና አሁን የቆጠርሽውን ቁጥር ንገሪያቸው፣ "ያስለዋል" ብቻ እንዳትዪ። የወባ ምርመራም ጠይቂ። ክረምት ካለፈ በኋላ እስከ ታኅሣሥ ድረስ በእኛ ከተማ ትኩሳት ያለው ልጅ ሳል ስላለው ብቻ ወባ የለበትም አይባልም፣ ጣቱን ወግተው በአንድ ጠብታ ደም ያዩታል። መንገድ ላይ ጡት አልይዝ ካለሽ ወይም ደረቱ መሰርጎድ ከጀመረ ወደ ጤና ጣቢያው መሄዱን ተይው፣ ባጃጁን በቀጥታ ወደ አዳማ ሆስፒታል አዙሪው።

ሸፍኚው፣ ግን ፊቱንና ደረቱን በጋቢ አታፍኚው።


ባለ ባጃጅ
ማታ 4፡30

እህቴ በሰላም ተመለሺ። እኔም ስለ ሳል የምለው አለኝ፣ የትልቅ ሰው ነው ግን እዚህ የሚያነብ ሰው ብዙ ስለሆነ ልጻፈው።

ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ቀኑን ሙሉ አቧራ እየጠጣሁ። ሳል ያዘኝ፣ አቧራ ነው አልኩ። አንድ ወር ሆነ፣ ብርድ ነው አልኩ። ማታ ማታ ሸሚዜ በላብ ይርሳል፣ ሱሪዬ ይሰፋኛል፣ ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አጥብቄያለሁ፣ ግን ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ። መድኃኒት ቤት እየቆምኩ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ገዛሁ፣ ትንሽ ይሻለኛል ይመለሳል። ሁለት ወር ሊሞላኝ ሲል አንድ የጫንኳቸው እናት ከኋላ ሆነው ሳሌን እየሰሙ "ልጄ አክታህን ተመርምረሃል?" አሉኝ። እሳቸው ባይጠይቁኝ ኖሮ አላውቅም።

ቲቢ ነበር። አክታዬን ሰጠሁ፣ ውጤቱ በማግስቱ ደረሰ፣ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው፣ አንድ ብር አልከፈልኩም። ስድስት ወር ዋጥኩ፣ ዳንኩ። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ቤት ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የሚያድሩ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ተመርምረው ነጻ ሆኑ፣ ትንሹም መከላከያ መድኃኒት ጀመረ። ግን ያን ውጤት እስኪነግሩኝ ኮሪደሩ ላይ የቆምኩትን አልረሳውም።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው አቧራ ነው፣ ጉንፋን ነው አይበል። አክታውን ይስጥ።


አስም ያለብኝ
ማታ 4፡52

ትናንት በጭሱ ምክንያት ሦስት ጊዜ ፓፍ (በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት) ወስጄ ነው ያደርኩት። ህዳር 12 ቆሻሻ የሚጨሰው በ1911 ዓ.ም. ያን ሁሉ ሰው የጨረሰው የኅዳር በሽታ ታስቦ ነው፣ በዓለም ዙሪያ የነበረው ኢንፍሉዌንዛ ማለት ነው። የሳንባ በሽታን እያስታወስን የሕፃንና የአስም ሕመምተኛ ሳንባ ውስጥ የፕላስቲክ ጭስ ባንከት ደስ ይለኛል። ግቢውን ማጽዳቱ ጥሩ ነው፤ ላስቲኩንና ጎማውን ግን አታቃጥሉ፣ በቆሻሻ መኪና ይሂድ።

እህታችን ቤት ከሰል የምታነዱ ከሆነም ልጁ ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ። ለሳንባው ብቻ ሳይሆን ሌሊት በር ተዘግቶ ከሰል እየነደደ መተኛት ሰው ይገድላል።


የደምበላ እናት
ዓርብ፣ ሌሊት 7፡35

ተመልሰናል። በስልክ የምናውቀው ባለ ባጃጅ ነው የወሰደን፣ አማቴም አብረውኝ ሄዱ። ተረኛዋ ልክ ነርሷ እንዳለችኝ ልብሱን ገልጣ ሰዓቷን ይዛ ቆጠረች፣ 48 አለች። "ቤት 47 ቆጥሬ ነበር" ስላት ቀና ብላ አየችኝና "ማን አስተማረሽ?" አለችኝ። ጣቱ ላይ መብራት ያለው ትንሽ መሣሪያ ቆንጥጣ ኦክስጅኑን አየች፣ 94 ነበር፣ ከ90 በታች ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነበር የምልክሽ አለችኝ። ወባ የለበትም። የሳንባ ምች ጅማሮ ነው ብላ በውሃ የሚሟሟ የአሞክሳሲሊን ኪኒን ሰጠችኝ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለአምስት ቀን። ራጅም መርፌም አላዘዘችም። የመጀመሪያውን እዚያው እኔ ራሴ በማንኪያ አሟሙቼ እንድሰጠው አደረገች፣ ካስመለሰው ለማየት ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉ አለችን። አላስመለሰም። ከሁለት ቀን በኋላ ይታይ ብላኛለች፣ ከባሰበት ደግሞ ወዲያው።


መድኃኒት ቤት
ዓርብ፣ ጠዋት 1፡15

እሰይ። ሲሻለው በሦስተኛው ቀን እንዳታቋርጪበት። አምስቱንም ቀን። ያኛውን ጠርሙስ ደግሞ ልጆች የማይደርሱበት አድርገሽ አስወግጂው፣ ወይም አቅራቢያሽ ላለ መድኃኒት ቤት ስጪ።


የደምበላ እናት
እሑድ፣ ጠዋት 4፡00

ትናንት ማታ ተኝቶ 34 ቆጠርኩ። ዛሬ ጠዋት 32። ትኩሳት የለውም። ጤና ጣቢያም ወስጄው ነበር፣ በደንብ ይዞታል፣ መድኃኒቱን ጨርሺ አሉኝ። አሁን እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የእንቁላል ፍርፍር በሁለት እጁ እየበላ ነው። አማቴ ቁጥሩን ወደውታል፣ እሳቸው ስልኩን ይዘው "ጀምሪ" "ይብቃ" ይሉኛል፣ እኔ እቆጥራለሁ። ትናንት የጎረቤቴንም ልጅ አስቆጥረውኛል፣ 28 ነው፣ ጉንፋን ብቻ ነው፣ ጠርሙሱንም አስረድቻት አብረን አስወግደነዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሳሉ እኮ አልለቀቀውም። ማታ ሁለት ሦስት ጊዜ እያሳለ ይነቃል። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?


የሕፃናት ክፍል ነርስ
እሑድ፣ ጠዋት 4፡25

ደስ ሲል! አይ፣ ሠርቷል። ትንፋሹ ወርዷል፣ እየበላ ነው፣ አይተኩስም፣ የምንፈልገው እሱን ነው። ሳል ከሁሉም በኋላ ነው የሚለቀው፣ ሌላው ሁሉ ተሽሎት አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ከሄደ ተይው። ማሩን ማታ ማታ ስጪው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት አልፎት እንደዚሁ ካሳለ፣ ወይም ተሽሎት ትኩሳቱ እንደገና ከተመለሰ አምጪው። የክትባት ካርዱንስ አዩልሽ? በአንድ ዓመት ከሦስት ወሩ የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አለ፣ ካልወሰደ ሲሻለው አስከትቢው።


የደምበላ እናት
እሑድ፣ ጠዋት 4፡31

አልወሰደም! ዘጠኝ ወሩን ብቻ ነው የወሰደው፣ ካርዱ ላይ አሁን አየሁት። ኪኒኑን ሲጨርስ እወስደዋለሁ።